የአፍዴራ ጨውና ዓሦቹ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ጨው ላወራችሁ ነው። ማለቴ ስለ ዓሣ። ትንሽ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ወጥ እየሠራሁ ጨው አለቀብኝና አዲስ ፓኬት ስከፍት ዓይኔ ጽሑፉ ላይ አረፈ። አፍዴራ። ወዲያው ትዝ ያለኝ ከዓመታት በፊት ከኤርታሌ ስንመለስ አፍዴራ ሐይቅ ዳር ካለው ፍል ውሃ የገባን ቀን ነው። እግሬን ነክሬ ተቀምጬ የሆነ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካ ሲያደርገኝ ጮህኩ፤ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከትንሿ ጣቴ የማትረዝም ዓሣ! እዚህ ጨው ውስጥ?

ሐይቁ አፋር ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ውሃው ከባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው፣ ለአብዛኛው ዓሣ መርዝ በሉት። ጨው እንዲያ ሲበዛ ከዓሣው ገላ ውሃውን መጥጦ ያወጣዋል፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ በውሃ ጥም መሞት ማለት ነው። ዳር ዳሩን ግን ፍል ውሃ ከመሬት ይወጣና ጨዉን ያቀጥነዋል። ዓሦቹ እዚያች ጠርዝ ላይ ናቸው። ወደ መሃል ቢገፉ ጨው፣ ምንጩ አፍ ላይ ቢጠጉ ቃጠሎ።

ሁለት ዝርያ ናቸው፤ ከአፍዴራ ሌላ የትም የሉም። አንደኛው ዳናኪሊያ ይባላል፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1931 ነው ለሳይንስ የታወቀው። የሁለተኛዋ ይገርማል፤ በፈረንጆቹ 2001 ነው ስም ያገኘችው፣ ከሰየሟት ሁለት ተመራማሪዎች አንዱ የእኛው አበበ ጌታሁን ናቸው። በዚያው ዓመት ሐይቁ አደጋ ላይ ነው ብለውም ጽፈዋል።

አደጋው እንግዲህ የኔ ወጥ ነው። ድሮ ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ አፍዴራ አዞረ። የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ስበው ሰፋፊ ገንዳ ላይ ያሰጡታል፣ ፀሐይዋ ውሃዋን ትወስዳለች፣ ነጩ ይቀራል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ እንላለን አይደል? ይኸው ጣፍጦ ነው ጣጣ ያመጣው።

ጨው አትብሉ ልላችሁ አልችልም፣ እኔም እበላለሁ። አዮዲን ያለው ጨው ስንቱን ከእንቅርት አድኗል፤ በዚያ ፀሐይ ጨው የሚዝቀው ሰውዬም እንጀራው ነው። ብቻ ግን ፍል ውሃዎቹን እንኳ አጥሮ መተው ያን ያህል ይከብዳል? እኛም ዘው ብለን ባንገባባቸው፤ እኔን ጨምሮ።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ በስልክ ተረኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ እሱ ዓሣ ሲጠበስ ጨው አይፈልግም በለኛ» አለችኝ። እየሳቅኩ ወጡ አረረ። ቻው።