ዳካታ ላይ ሞተሩን እናጥፋ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ! ከባቢሌ ድረስ የመጣችሁ እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የፊቱ ወንበር ለእናንተ ነው፤ አትሸሹ።

እኛ የሐረር አስጎብኚዎች ሥራችን ጀጎል ውስጥ ነው። ግንቡ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳው ቀን እዚያ ይዞራል፣ ማታ ጅብ ሲቀለብ ያያል። አላማርርም፣ እንጀራዬ ነው። የድንጋዮቹን ሸለቆ፣ ዳካታን ግን በመኪና መስኮት ነው የምናሳየው።

ባቢሌን አልፎ በጅግጅጋ መንገድ፣ ግራና ቀኝ፣ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ቆሟል። አንዳንዱ «አሁን ወደቀ» ያሰኛል። እንግዳ «ማን ደረደረው?» ይላል። ከመካከላችን የግዙፍ ሰዎች ተረት ፈጥሮ የሚያወራ አለ። አቦ፣ እንተወው! እውነቱ ይበልጣል። ግራናይት ነው፤ ድሮ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ውሃ በስንጥቁ ገባ። ማዕዘኑ በሁለት በኩል ስለሚጠቃ ቀድሞ ተበላ፣ መሃሉ ክብ ሆኖ ቀረ። የላላውን አፈር ዝናብና ጎርፍ ጠርጎ ሲወስደው ድንጋዩ ባለበት ቆሞ ተገኘ። በቃ፣ ይሄው ነው።

አምና ሦስት እንግዶች ይዤ ሄጄ ነበር። ወርደው ፎቶ አነሱ። አንዲት እናት ኦቾሎኒ በጣሳ ሞልተው ከዛፉ ጥላ ተነሡ፣ ወደኛ መጡ። ፀሐዩ ያቃጥላል። አጠገባችን ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሹፌሩ ሞተር አስነሣ። እኔም ዝም አልኩ፤ ፕሮግራም አለብን ብዬ። በመስታወት ዞር ብዬ ሳይ ጣሳውን መልሰው ጆንያው ላይ ገለበጡት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ግመል የሚጠብቀውን ልጅ ሳንጠይቅ ፎቶ እናነሳለን። ድንጋዩ ላይ ስሙን በቀለም የጻፈም አለ፤ የኛ እንግዳ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንቁም፤ ቀትር ላይ ግን አይሁን፣ ድንጋዩ ምጣድ ነው የሚሆነው። ኦሮምኛም ሶማልኛም የሚናገር የሰፈሩ ልጅ ይምራን። ክፍያውም በእኛ በኩል ሳይዞር እዚያው በእጁ ይሰጠው። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ጉዳይ ለብቻው ስለተያዘ ከሰዓት እናየዋለን።

የክፍያውን ተመን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል። ከዚያ በፊት ግን እናቶቹ ይናገሩ። ማይኩን ወደፊት አቀብሉልኝ።