የደቻቱ ውሃና የከዚራ ጥላ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ከተማ ዲዛይን ነው። ዲዛይን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የሕንፃ መስታወት ወይ የመንገድ መብራት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጥላና ውሃ ነው። ለዚህ ደግሞ ከድሬዳዋ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረና መስመሩ በቆላው በኩል ዞረ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ከዚራ የሚባለው ሰፈር የባቡሩ ሰዎች አስቀድመው በወረቀት ላይ ያሰመሩት ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ።

እስቲ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከዚራ ውስጥ በእግራችሁ ሂዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እዚያ ጥላ ውስጥ ግን መተንፈስ ይቻላል። ባጃጆቹ የሚቆሙት ጥላውን ተከትለው ነው፤ ጥላው ሲዞር እነሱም ይዞራሉ። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው አረፍ የሚሉት እዚያው ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን ሲያወጣ ደግሞ ውበቱ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ድሮ አንድ ሰው ዛፉ የት ይተከል ብሎ ስላሰበ ነው። በብዙ ከተሞቻችን አሁን የሚሠሩትን ሰፋፊ አስፋልቶች ተመልከቱ። ዛፍ ከተተከለም መሃል አካፋዩ ላይ ነው። ጥላው ለመኪናው ይሆንና እግረኛው ዳር ዳሩን እየነደደ ይሄዳል። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ የሚባለው ሰፈር ብዙውን ያደገው በነዋሪው እጅ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ ይሆናል። እነሱም ፀሐዩን አውቀውታል። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ ነው።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ አይመስልም። አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ሸቀጥም ይዘረጋበታል። ግን ከከተማዋ በስተደቡብ ያሉት ተራሮች ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ድንገት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የመጣው ሌሊት ነው፣ ሰው ተኝቶ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩት ቤታቸውን አጡ።

ይሄን ሰው «የተፈጥሮ አደጋ» ሲለው እኔ ዝም ማለት አልችልም። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው። ቤቱ ወንዝ አፍ ላይ የተሠራው ግን ድሃው ሌላ ቦታ ስላላገኘ ነው። ፕላኑ የደረቀውን አሸዋ ባዶ ቦታ አድርጎ ካየው፣ ቤት የቸገረው ሰውም ባዶ ቦታ አድርጎ ያየዋል። በእሱ አይፈረድም።

ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ጥሩ ነው፣ ሕይወት ያድናል። ግንብ ግን ውሃውን ወደ ታች ይሸኘዋል እንጂ አያዘገየውም። ሌላም ነገር አለ። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ እንደ ሳቢያን ሰፈር ባሉ ቦታዎች ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚሳብ። እንዲህ ባለ ደረቅ አገር የወንዝ አሸዋ ጎርፉን ይመጠውና ወደ ታች ያሰርገዋል። ጎርፍ ፈርተን ወንዙን ሁሉ በሲሚንቶ ብንለብጠው፣ ጉድጓዱን የሚሞላውን ውሃ በገዛ እጃችን እንዘጋለን። የሚገድለንም የሚያጠጣንም ያው አንድ ውሃ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከላይ ነው። ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው ደንገጎ ስትወጡ የተራራውን ጎን እዩት፤ ብዙ ቦታ ተራቁቷል። እርከን፣ በድንጋይ ክትር የተያዘ ቦረቦር፣ ሥር የሰደደ ዛፍ፣ ለእኔ እነዚህ የከተማ ዲዛይን ናቸው። ችግሩ ውሃው የሚመጣበት ተራራ ብዙው ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው፣ የከተማው ፕላን ደግሞ አስተዳደሩ ወሰን ላይ ያበቃል። ጎርፍ ኬላ አያውቅም። ላይ ያለው ገበሬ እርከን ሲሠራ የሚተርፈው ታች ያለው ከተሜ ነውና፣ ለልፋቱ ከተማው ድርሻውን ይክፈል ባይ ነኝ።

የድሬን ፕላን የምትሠሩ እየሰማችሁኝ ከሆነ፣ ካርታችሁን ወደ ደቡብ አስፉት፣ ተራሮቹ ይግቡበት። መስመር ከማስመራችሁ በፊት ደግሞ ወንዙ ዳር የቆዩትን አባቶችና እናቶች ጠይቁ። ያን ሌሊት ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ግድግዳው ላይ በእጃቸው ያሳዩአችኋል። ከዚያ በታች ለመኖሪያ አትፍቀዱ። እዚያ ያሉትንም አንሡ ስል ሜዳ ላይ በትኗቸው ማለቴ አይደለም፤ ከገበያቸው ሳይርቁ፣ ዛፍ ያለበት መንገድ ላይ ቤት ስጧቸው።