ግራጫው ቀለም ወደ ቦታው ይመለስ

የተከበራችሁ ቀያሾች፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችና የሞዴል ሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ስብሰባ እንድከፍት ስጋበዝ ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች እንደማወራ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። መሣሪያዎቹን በየቀኑ ስለምትሠሩባቸው ለእናንተ እተዋቸዋለሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ቀለም ለመናገር ነው።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኒውአርክ የሚገኙትን፣ ሆፕዌል የተባለው የጥንት ነባር ሕዝቦች ባህል ያቆማቸውን የአፈር ግንቦች በኮምፒውተር ስንሠራ የደከምነውን ድካም አብረን አሳልፈነዋል። 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ትልቁ ክብ 365 ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ዛሬም ቆሟል፤ ከአውሮፕላን የተላከው የሌዘር ጨረር በቅጠሎቹ መካከል አልፎ መሬቱን አሳይቶናል። አራት ማዕዘን ሆኖ የተሠራው ሌላው ግንብ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ማረሻው፣ የጀልባው ቦይና መንገዱ ተቀራምተውት የቀረው የአንድ ጎኑ ቁራጭ ብቻ ነው።

የታረሰ ግንብ አፈሩ በአንድ ጊዜ ድራሹ አይጠፋም፤ ወደ ጎን ይዘረጋል። ስለዚህ የተዘረጋውን አፈር መጠን ለክተን፣ የጥንቱን መሠረት ወርድ የአፈሩን መግነጢሳዊነት በሚለካው መሣሪያ በማግኔቶሜትር ካገኘን፣ የቀድሞው ቁመት ከምን እስከ ምን እንደነበረ ማስላት እንችላለን። አፈሩ ጨርሶ በተነሣበት ቦታ ግን የሚቀረን ግምት ነው። ለዚህም ነው የተለካውን ቡናማ፣ የተሰላውን ቢጫ፣ የተገመተውን ግራጫ ያደረግነው።

ከዚያ ሞዴላችንን ለአንድ ኤግዚቢሽን ሰጠን። በመክፈቻው ዕለት ከኋላ ቆሜ አየሁት። ግራጫው የለም! ግንቡ ዙሪያውን እኩል ከፍታ ይዞ፣ አረንጓዴ ሣር ለብሶ፣ ትናንት ተሠርቶ ያለቀ መስሏል። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ጣቷን በአንዱ ማዕዘን ላይ አሳርፋ አባቷን "ይህን ማን ለካው?" አለችው። "ሳይንቲስቶች" አላት። ያንን ማዕዘን አውቀዋለሁ። ቁመቱን የለካው ማንም የለም። ቁጥሩን አንድ ምሽት ቢሮዬ ተቀምጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዘጋጆቹን ስጠይቅ "ግራጫው ተመልካቹን ያደናግረዋል" አሉኝ። ማን ነው ተመልካቹን እንዲህ የናቀው? የአሥር ዓመት ልጅ ማን እንደለካው መጠየቅ ከቻለች፣ "ይህን አናውቅም" የሚል መልስ መስማት እንዴት ያቅታታል? አላዋቂነታችንን በሣር መሸፈን ጥበብ አይባልም፤ ማታለል ነው!

ጉዳቱ ለተመራማሪውም ይተርፋል። ተመራማሪዎቹ ሬይ ሃይቭሊና ሮበርት ሆርን እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያው ኒውአርክ ያለው የስምንት ማዕዘን ግንብ አቀማመጥ ጨረቃ በ18.6 ዓመት ዑደቷ ከምትወጣባቸውና ከምትጠልቅባቸው የአድማስ ጫፍ ነጥቦች ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል። የዚያ ግንብ ቁመት የቆመ ሰው ዓይን ከሚደርስበት ብዙም አይርቅም። በሞዴሉ ላይ ግማሽ ሜትር ብንጨምርበት ከውስጥ ለቆመ ሰው አድማሱ ይሰወራል። በእንዲህ ያለ ሞዴል ውስጥ ገብቶ ሰማይን የሚያጠና ሰው የሠሪዎቹን እውቀት አገኘሁ ሲል የሚያገኘው የእኛን ግምት ነው። በ1848 የታተሙት፣ ስኩዌርና ዴቪስ የተባሉት ቀያሾች የግንብ ካርታዎችም እጅግ ውብ ነበሩ፤ በ1880ዎቹ እንደገና ሲቀየስ ግን ስሕተቶቻቸው ወጡ። ያኔ ለማመሳከር ወደ መሬቱ መመለስ ይቻል ነበር። ዛሬ መንገድ ሥር ለገባው ማዕዘን ወዴት እንመለሳለን?

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ከሞዴሉ ጋር ተጽፎ ይቀመጥ። የሾኒ ሕዝብና ከዚያ ምድር የተፈናቀሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦችም ሞዴሉን ከኤግዚቢሽኑ በፊት ይዩት። ቦታዎቹ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ሞዴል የሚጠይቀን ይበዛልና፣ ቀለሞቹን ላለመንካት በፊርማው ለማያረጋግጥ ማንኛውም አካል ፋይል እንዳንሰጥ ዛሬ እንድትወስኑ እጠይቃለሁ።

የአራት ማዕዘኑን ፋይል ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ አብረን እንክፈተውና ልጅቷ ጣቷን ካሳረፈችበት ማዕዘን እንጀምር።