የሚረሳ ልጅ እና የትኩረት ችግር ያለበት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ከወላጆች አንደበት ደጋግሜ ስለሰማሁት አንድ ጥያቄ ብቻዬን ላወራችሁ ነው፤ «ልጄ የነገሩትን ሁሉ ይረሳል፤ ኤዲኤችዲ ይኖርበት ይሆን?» ስለሚለው። ኤዲኤችዲ ማለት ትኩረትን መሰብሰብ የሚያስቸግርበት፣ ወይም ቅብጥብጥነትና ችኩልነት የሚበዛበት፣ አንዳንዴም ሁለቱም አንድ ላይ የሚታዩበት ከልጅነት የሚጀምር ችግር ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መርሳቱን ብቻ ይዘን መልስ ልንሰጥበት አንችልም። የተነገረንን በአእምሯችን ይዘን ቆይተን በሰዓቱ የማስታወስ ችሎታ ቀስ በቀስ እስከ ጉርምስና ድረስ የሚጎለብት በመሆኑ፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ «ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ፣ በሩን ዝጋ» ተብሎ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ቢሰጠውና የመጀመሪያውን ፈጽሞ የቀሩትን ቢዘነጋ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። በዚያ ላይ ልጆች እኛን የሚያስጨንቀን ነገር ሁሉ አያስጨንቃቸውም። ሹራቡን የትም ጥሎ የሚመጣ ልጅ ጓደኛው ነገ ላሳይህ ያለውን መጫወቻ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይረሳም፤ ይህ የጤናማ ልጅ አመል ነው።

ሐኪሞች በሰፊው የሚጠቀሙበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አምስተኛ እትሙ፣ ዘንጊነትን ከዘረዘራቸው 9 የትኩረት ማነስ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ብቻ ነው ያስቀመጠው። በልጆች ላይ ከእነዚህ ቢያንስ 6ቱ፣ ወይም ከቅብጥብጥነትና ከችኩልነት ምልክቶች 6ቱ፣ ከዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በላይ ሆነው ቢያንስ ለ6 ወራት መታየት አለባቸው፤ ከምልክቶቹ የተወሰኑት ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው የጀመሩ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩና ኑሮውን በግልጽ የሚያውኩ ሊሆኑም ይገባል።

እኔ በተለይ ቆም ብዬ የማስበው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ በሚለው ላይ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ የሚረሳ፣ ትምህርት ቤት ግን ሁሉን በሥርዓት የሚያከናውን ልጅ ካለ፣ ስለ ልጁ አእምሮ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ቤቱ መጠየቅ ይኖርብናል፤ ምናልባት ሁሉን የሚያስታውስለት ሰው አጠገቡ አለ፣ ምናልባትም ጭቅጭቅ በዝቷል። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚጠፋበት ልጅ ደግሞ ትምህርቱ ከብዶት ወይም ሰሌዳው አልታይ ብሎት ሊሆን ይችላል።

በሁለቱም ቦታ የሚታየው ችግር ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የቤት ሥራውን ማታ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ፣ ብዙ ጊዜ ወስዶና ተነጫንጮ፣ በመጨረሻ ግን በትክክል ሠርቶ የሚጨርስ ተማሪ ነበረኝ። ጠዋት «ደብተር አስረክቡ» ስል የክፍሉ ልጆች በሙሉ ይነሳሉ፤ እሱም ቦርሳውን ይከፍታል፣ ደብተሩን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ እርሳስ ያገኛል፣ እርሳሱን መቅረጽ ይጀምራል። ደብተሩ ተሠርቶ ያለቀውን ሥራ እንደያዘ ቦርሳው ውስጥ ይቀራል። ሥራውን ያልሠራ ልጅ ዘንግቶ ወይም ሰንፎ ሊሆን ይችላል፤ ሠርቶ ጨርሶ ማስረከብ የሚያቅተው፣ ያውም ሳምንት ከሳምንት፣ ውጤቱ ሲቀነስበት እያለቀሰም ጭምር፣ የእኔን ትኩረት ይበልጥ ይስባል። ያም ሆኖ ምርመራ የሐኪም እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም፤ የእኔ ድርሻ ያየሁትን በትክክል መናገር ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት መከራከሪያም አለ፤ «ጌም ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ ታዲያ ምን የትኩረት ችግር አለበት?» ይላሉ። ጌም በየሰከንዱ ሽልማት ስለሚሰጥ ልጁ ቀልቡን በራሱ ጥረት እንዲሰበስብ አይጠይቀውም። የኤዲኤችዲ ዋና ችግር ትኩረትን አሰልቺ ወደሆነው ነገር ማዞርና እዚያው ማቆየት ላይ በመሆኑ፣ ልጁ ጌም ላይ መቆየቱ ችግሩ የለበትም ለማለት አያበቃም። ችግሩ አለበት ለማለትም እንዲሁ፤ ጌም የማይወድ ልጅ ማን ነው?

ሌላው ፈጽሞ የማይረብሹት ልጆች ጉዳይ ነው። ወንበር ላይ የሚወጣውን ሁሉም ያየዋል። ጥግ ተቀምጣ በመስኮት እያየች ትምህርቱ የሚያልፋትን ልጅ ግን «ጨዋ ናት» ብለን እናልፋታለን፤ ሴቶች ልጆች ዘግይተው የሚመረመሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በተቃራኒው፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በየክፍላቸው በዕድሜ የሚያንሱ ልጆች ኤዲኤችዲ አለባቸው የመባል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ልጃችሁን በዕድሜ አሥር ወር ከሚበልጠው የክፍል ጓደኛው ጋር እያስተያያችሁ አትፍረዱበት።

የጀመረበትን ጊዜ ማወቅም እጅግ ይጠቅማል። ኤዲኤችዲ በድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም። እስከ አምና ነገሩን ሁሉ በአግባቡ ይዞ የነበረ ልጅ ዘንድሮ መዘንጋት ከጀመረ እንቅልፉን፣ ጭንቀቱን፣ የደረሰበትን ኀዘን ወይም በሌሎች ልጆች መጠቃቱን መመርመር ይቀድማል። ሌሊት የሚያንኮራፋ ልጅ በቂ እረፍት ላያገኝ ይችላል። ለጥቂት ሰከንዶች ዓይኑ ፍዝዝ ብሎ ሲጠሩት የማይሰማና ወዲያው ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ ካለ ደግሞ፣ ይህ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ሳይነገር ማደር የለበትም።

ኤዲኤችዲን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ የአእምሮ ምስል የለም። ሐኪሙ የሚመረኮዘው በወላጅና በመምህር ቃል ላይ ነው፤ ስለዚህ «ሁልጊዜ ይረሳል» ብሎ ከመሄድ ይልቅ ምን እንደረሳ፣ የትና በስንት ሰዓት፣ ሲያስታውሱት ምን እንዳደረገ ለጥቂት ሳምንታት መዝግቦ መሄድ ይሻላል። መምህሩንም «ልጄ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ደህና ነው» ይላችኋል። «የጀመረውን ይጨርሳል ወይ? ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ ስንት ጊዜ ማስታወስ ያስፈልገዋል?» በሉት።

ቀጠሮው እስኪደርስ ትእዛዙን አንድ በአንድ መስጠት፣ ቦርሳው ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን ቦታ መወሰን፣ የሚሠራውን በሥዕል ወይም በጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ኤዲኤችዲ ቢኖርበትም ባይኖርበትም አይጎዳውም። «ቀልበ ቢስ» የሚለውን ስድብ ግን ከዛሬ ጀምሮ ብንተወው እመርጣለሁ፤ ሐኪሙ የሚሰጠው መልስ ምንም ይሁን ምን።