የቺፕ ፓተንት እርቅና የበሬ መቀናጆ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ!

«ባሕር ዳር ተቀምጠን የካሊፎርኒያ ቺፕ ሠሪዎች ሙግት ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አክሲዮን የያዘ ሰው ግን አንድ ቀን «ኩባንያው በእርቅ ይህን ያህል ተከፈለው» የሚል ወሬ መስማቱ አይቀርም። ወሬው እንደተሰማ አንዱ እልል ይላል፣ ሌላው «ተበላን» ይላል፤ ውሉን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ያለቀ ውል እንፍታ።

ቺፕ ሠሪዎቹ ኢንቴልና ኤንቪዲያ ሁለቱም ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተፈራረሙት ውል ኤንቪዲያ ለኢንቴል አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከቀሪው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙ ቺፖች) እንዲሠራ ይፈቅዳል፣ አይፈቅድም በሚል በ2009 ፍርድ ቤት ቆሙ። በጃንዋሪ 2011 ታረቁ፤ ኢንቴል 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

ይህ ብር ምንድን ነው? ጎጃም ውስጥ መቀናጆን ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ በሬው የደከመበት ሰው በጉልበቱ ወይም በእህል ያካክሳል። የቺፕ ፓተንትም፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ እንዲሁ ነው። አንዱ የሌላውን ፓተንት ሳይነካ ቺፕ መሥራት ስለማይችል ፈቃድ ይለዋወጣሉ፣ ልዩነቱ በገንዘብ ይሞላል። 1.5 ቢሊዮኑ በአብዛኛው ይህ ማካካሻ ነው።

አከፋፈሉን እዩ። ከ2011 ጀምሮ በየጃንዋሪው ሦስት ጊዜ 300 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ 200 ሚሊዮን፤ የመጨረሻው በ2016። መዝገቡ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ኤንቪዲያ 57 ሚሊዮኑን ብቻ የክርክሩ ካሳ ብሎ ወዲያው መዘገበ። የቀረውን ከኤፕሪል 2011 እስከ ማርች 2017 በየሩብ ዓመቱ 66 ሚሊዮን እያደረገ ገቢ ውስጥ ጻፈ። ስድስት ዓመት 24 ሩብ ዓመት ነው፤ ስልካችሁን አውጡና 24ን በ66 አባዙ፤ ከ1.58 ቢሊዮን በላይ ይመጣል። ከተከፈለው በለጠ እኮ! የሒሳብ ስህተት አይደለም፤ ከኢንቴል የተገኘው ፈቃድም 140 ሚሊዮን ተገምቶ ስለተደመረ ነው። የወዲያኛው በሬ ዋጋ መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከገባ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ገቢው መጻፉን ቀጠለ፤ ካዝና ውስጥ ግን ከዚህ ውል አንድ ሳንቲም አልገባም። የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ብቻ ያየ ይህን አያገኘውም፤ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን መግለጥ አለበት። ደግሞም በጃንዋሪ 2014 በተዘጋው የበጀት ዓመት የኤንቪዲያ የሥራ ትርፍ 496 ሚሊዮን ነበር። ከፈቃዱ በዓመት የሚጻፈው 264 ሚሊዮን ሲሆን ወጪው ኢምንት ነው። ከትርፉ ግማሽ በላዩ የማብቂያ ቀን ከተቆረጠለት ውል መጣ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ከውሉ ውጪ የቀሩት ነገሮች ናቸው። ኤክስ86 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ዓይነት፣ ፍላሽ ሜሞሪ (መረጃ ማከማቻ ቺፕ) እና አንዳንድ ቺፕሴቶች አልተካተቱም። ሙግቱ የተነሣው በቺፕሴት ነበር፤ ኤንቪዲያ ገንዘቡን ይዞ ወጣ፣ ወደዚያ ሥራ ግን አልተመለሰም።

አንድ ሌላ ላክል። በ2010 ሳምሰንግና የሜሞሪ ቺፕ ፓተንት ባለቤቱ ራምበስ የተስማሙበት 900 ሚሊዮን ዶላር ሲነገር፣ 200 ሚሊዮኑ ሳምሰንግ የራምበስን አክሲዮን የገዛበት ነበር። እሱን ከሮያሊቲ፣ ማለትም ለፓተንት መጠቀሚያ ከሚከፈለው ገንዘብ፣ ጋር የደመረ ሰው ተሳስቷል።

አሁን የታደላችሁን ወረቀት ግለጡ። በግራ የክፍያው ቀን፣ በቀኝ የተመዘገበው ገቢ አለ። በ2016 እና በ2017 ሁለቱ የሚለያዩበትን መስመር አስምሩበትና ወደ ጥያቄ እንግባ።