ካርቦኑ የት እንዳለ ሳታውቁ ኬሚካል አታፍስሱ

በዚህ ሳምንት የመኪና ሰዓታችን ስልኩ አላረፈም። ከደወሉት አድማጮች ብዙዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የካርቦን ማጽጃ ኬሚካል። በአየር ላይ ቸኩዬ የመለስኩትን እዚህ ረጋ ብዬ ጽፌዋለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ እጃችን ላይ ያለውን ሞተር ማቆየት ግድ ሆኖብናል። በአንድ ጠርሙስ ስህተት ሲበላሽ ማየት ደግሞ ያንገበግበኛል።

ከሜክሲኮ የደወለ አድማጭ፦ «የቆየች ቪትዝ ነው የምነዳው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጠዋት ጠዋትም ለመነሳት ትለግማለች። ቤንዚን ላይ የሚጨመር ጠርሙስ ግዛ አሉኝ። እውነት ካርቦን ያወጣል?»

ላንተ መኪና ሊረዳ ይችላል። ለምን እንደሆነ ግን ይግባህ። የአንተ ሞተር ቤንዚኑን የሚረጨው ከአየር ማስገቢያው ቫልቭ ጀርባ ነው። ስለዚህ በነዳህ ቁጥር ቤንዚኑ የቫልቩን ጀርባ ያጥበዋል። ቤንዚኑ ውስጥ ማጽጃ ካለ ማጽጃውም አብሮ እዚያው ይደርሳል።

ጠርሙስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከመግዛትህ በፊት ጀርባውን አንብብ። ፖሊኤተርአሚን፣ በአጭሩ ፒ ኢ ኤ፣ የሚል ካለው የደረቀ ካርቦን ላይ አቅም አለው። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ተወው። የተባለውን መጠን ሙሉ ታንክ ላይ ጨምር። እጥፍ ስላደረግከው አይፈጥንም።

ከዚያ መኪናዋን ከሜክሲኮ ሳር ቤት በሰልፍ እያንፏቀቅክ ለውጥ አትጠብቅ። ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ይዘህ ሞተሩ በደንብ እስኪግል ንዳት። ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠውን ጥላሸት ራሱ አቃጥሎ የሚያራግፈው ወደ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። በአጭር ጉዞና በመንገድ መዘጋጋት ውስጥ እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ ይከብደዋል። የከተማችን መኪና ቶሎ ካርቦን የሚይዘው አንዱ በዚህ ነው።

ብር ከማውጣትህ በፊት ደግሞ አራቱንም ካንዴላዎች አስወጥተህ ነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ደርድራቸው። ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ በደህና እያቃጠለ ነው። በጣትህ ስትነካው የምጣድ ቂጥ ጥላሸት የሚመስል ደረቅ ጥቁር ዱቄት ከለቀቀ፣ ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅና የሚቀባ ከሆነ የሞተር ዘይት እየገባ ነው። ያኔ ችግሩ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ላስቲክ ስለሆነ በታንኩ የሚገባ ጠርሙስ አይፈታውም። ሦስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ ደግሞ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የዚያን ሲሊንደር ኮይል አስፈትሽ። መንቀጥቀጥ ሁሉ ካርቦን አይደለም፤ ሞተሩን የተሸከመው ጎማ ሲያረጅም እንዲሁ ያደርጋል።

ከአራት ኪሎ የደወሉ እህት፦ «መኪናዬ ቱሳን ናት፤ ሞተሯ ላይ ጂዲአይ የሚል ጽሑፍ አለ። ጉልበት ቀንሳለች። ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ጨምሬ ምንም አልተለወጠም። አሁን ጋራዥ ውስጥ በአየር ማስገቢያው እንርጭበት ይሉኛል። ይሻላል?»

እህቴ፣ ጠርሙሱ ያልሠራልዎት ምክንያቱ እዚያው ጽሑፉ ላይ አለ። ጂዲአይ የተባለው ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው። ቤንዚን የቫልቩን ጀርባ ጨርሶ አይነካውም። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት ትነት ደግሞ በአየር ማስገቢያው ተመልሶ ሲገባ፣ የጋለው ቫልቭ ላይ እየተጋገረ ይወፍራል። ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር ሊያጸዳልዎት ይችላል፤ ቫልቩ ጋ ግን መንገድ የለውም።

በአየር ማስገቢያው መርጨት ገና በስሱ የያዘውን ያለሰልሳል። ደርቆ የተጋገረውን ግን ብዙም አይነካውም። ሞተሩ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ ተርባይን) ካለው ደግሞ ከመስማማትዎ በፊት አምራቹ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ መመሪያው ላይ ይታይ። ተሰብሮ የሚወጣ የካርቦን ቅንጣት የተርቦውን ምላጭ ሊመታ ይችላል። በጣም ለተጋገረ ቫልቭ ትክክለኛው ሥራ የአየር ማስገቢያውን ማኒፎልድ ፈትቶ፣ የሚሠራበትን ሲሊንደር ቫልቮች ዘግቶ፣ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት መፈግፈግ ነው። ቅርፊቱ ካርቦኑን ያነሳል፣ ብረቱን አይጭርም። ይህ መሣሪያ ከሌላቸው በማጽጃ አርሶ በእጅ በብሩሽ መሥራትም ይቻላል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ያምራል።

ለመርጨት ከወሰኑ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሞተሩ ሞቆ፣ ከሚኒሞ ከፍ ብሎ እየሠራ፣ እንደ ጉም በስሱ ይነፋ። በፍጹም አይፈስስ። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ የተሠራ መኪና ተጎትቶ መጣልን። ማጽጃውን በቫኪዩም ቱቦ ለቀውበት ሞተሩ ጠጥቶታል። ፈሳሽ እንደ አየር አይጨመቅም። ስንከፍተው ቢየላው፣ ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ዘንግ፣ እንደ ቀስት ጎብጧል። ባለቤቱ ቆሞ እያየው «ለማጽዳት ብዬ እኮ ነው» ሲል አንጀቴን በላው። ለጽዳት የገባ መኪና ሞተሩ ወረደ።

ከለገሃር የደወለ የሚኒባስ ሹፌር፦ «የእኔ ናፍጣ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቦሎ ማሳደሻዬም ደርሷል። የካርቡራተር ስፕሬይ በአየር ማስገቢያው ብነፋበትስ?»

ወንድሜ፣ እንዳታደርገው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ የሚያቀጣጥለው በጭመቃ ሙቀት ነው። የድሮዎቹ ናፍጣዎች ከ20 ለ 1 በላይ ይጨምቃሉ። በአየር በኩል የሚነድ ነገር ከሰጠኸው ያለጊዜው ይቀጣጠላል፣ ፒስተንና ቢየላ ይጎዳል። ከበዛበት ደግሞ ሞተሩ በራሱ እየጮኸ ይፈጥናል፤ ቁልፍ ብታጠፋም እሺ አይልህም።

የአንተ ጥቁር ጭስ የሚለው «አየር አነሰኝ ወይም ናፍጣ በዛብኝ» ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ከዚያ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች በመሞከሪያው ላይ አስፈትሽ፤ ጤነኛ ኖዝል እንደ ጭስ ይበትናል፣ የደከመው ያንጠባጥባል። ፓምፑን ማስተካከል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መኪናህ ኢጂአር ቫልቭ (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ካለው ተፈትቶ ውጭ ይታጠብ እንጂ ላዩ ላይ እንዳለ አይረጭበት።

ከፒያሳ የደወሉ አባት፦ «ቮልስዋገኔን ከወጣትነቴ ጀምሮ ይዣታለሁ። ካንዴላው በየጊዜው ይጠቁራል። ድሮ ውሃ በካርቡራተሩ ጠብ ጠብ እያደረግን ካርቦን እናወጣ ነበር። አሁንም ይሠራል?»

ጋሼ፣ የሚያውቁት ዘዴ እውነተኛ ነው። ጠብታዋ ወደ እንፋሎት ስትለወጥ ካርቦኑን ታላቅቀዋለች። ነገር ግን ከጠብታ ካለፈ አደጋው ቅድም የነገርኩት የቢየላው ነው፤ ስለዚህ ባይሞክሩት እመርጣለሁ። ደግሞ ካንዴላው እየተመለሰ የሚጠቁር ከሆነ ማጽዳቱ ለጊዜው ብቻ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ባለ ኮምፒውተሮቹ መኪኖች ቤንዚኑን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፣ ሰው ነው የሚያስተካክልለት። ጄቱ፣ ቤንዚኑን የሚለካው ቀዳዳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ እንዳይሆን ያስዩልኝ፤ ቾኩ፣ ሞተሩ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱንም ጭምር። ከዚያ በኋላ ካንዴላውን አጽድተው አንድ ሳምንት ይንዷትና ቀለሙን እንደገና ይዩት።

ከስታዲየም አካባቢ በጽሑፍ የደረሰን፦ «የአየር መለኪያውን ሴንሰር በካርቡራተር ስፕሬይ ማጠብ ይቻላል?»

አይቻልም። በጣም ቀጭን ሽቦና ሽፋን ስላለው ይበላሻል። ለእሱ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ማጽጃ አለ። እሱን ከርቀት ረጭተህ፣ ሳትነካው፣ በራሱ እስኪደርቅ ጠብቅ።

እዚያው አካባቢ፣ ሌላ አድማጭ፦ «ዘይት ከመቀየሬ በፊት ነጭ ጋዝ ጨምሬ ሞተሩን ላጥበው?»

ተወው። ነጭ ጋዝ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ሞተሩም በቀጭን ዘይት ሲዞር ብረት ከብረት ይፋተጋል። ለዓመታት የተጠራቀመ ጭቃ በአንዴ ከተነቀለ ደግሞ ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ሊደፍን ይችላል። የዘይት መብራት በርቶ ሞተሩ ነክሶ የሚቆመው ያኔ ነው። ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየር፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተህ ሁለቱንም እንደገና ቀይር። አዲሱ ዘይት ራሱ ማጽጃ አለበት፣ ቀስ እያለ ያጥበዋል። ሁለተኛውን ዘይት ስታወርድ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገህ ከመጀመሪያው ጋር አስተያየው።