ቮያጀር 1ን ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት እንዴት ጠገኑት?

[ምስል፦ የሮኬት መተኮስ፣ ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል]

ስለ ጠፈር ሲወራ የሁላችንም ዓይን የሚሄደው ሮኬት ሲተኮስ ወደሚታየው እሳትና ጭስ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከሁሉ የሚያስደምምህ የቱ ነው ብትሉኝ፣ የማንም እጅ የማይደርስበትን ማሽን ጠግኖ ማስነሣት ነው እላችኋለሁ። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚያ ነው።

ማሽኑ ቮያጀር 1 የተባለው የናሳ ሰው አልባ መንኮራኩር ነው። ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1977 ከፍሎሪዳ፣ ከኬፕ ካናቬራል ተተኮሰ። በ1979 ጁፒተር ጋ ደረሰ፣ በ1980 ደግሞ ሳተርን ጋ። የፕላኔቶቹ ስበት መንገዱን አጥፎ ፍጥነት ጨመረለት፣ ያውም ነዳጅ ሳያቃጥል። ፕላኔቷ ፀሐይን ስትዞር ካላት ጉልበት ቅንጣት ታህል ታካፍለዋለች፤ ለእሷ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፣ ለመንኮራኩሩ ግን ከፀሐይ ስበት አምልጦ ለመሄድ ይበቃዋል። አሁን በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ነው። ኦገስት 2012 ላይ የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚፈልቀው የቅንጣቶች ጅረት፣ ከሚያበቃበት ወሰን ወጥቶ በከዋክብት መካከል ወዳለው ህዋ ገባ። የሰው ልጅ ከሠራው ነገር ሁሉ እዚያ ርቀት ላይ የደረሰ ሌላ የለም።

ወደ ጉዳያችን እንግባ።

[ምስል፦ በስክሪኑ ላይ የሚደጋገሙ ዜሮና አንድ ቁጥሮች]

ኖቬምበር 14 ቀን 2023 ከቮያጀር የሚመጣው መልእክት ድንገት ትርጉም አጣ። ሲግናሉ አልጠፋም፣ ይመጣል። ግን ውስጡ አንድ ዓይነት የዜሮና የአንድ ድርድር ብቻ ነው የሚደጋገመው። መሣሪያዎቹ ምን ለኩ? የመንኮራኩሩ ጤንነት እንዴት ነው? ምንም የለም። የሚገርመው ግን የሚላክለትን ትእዛዝ ይሰማል፣ ይፈጽማልም። አንደበቱ ብቻ ነው የተያዘው።

ቮያጀር ውስጥ ሦስት ዓይነት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ አቅጣጫ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ከመሣሪያዎቹ የሚመጣውን መረጃ ሰብስቦ ለመላክ ያዘጋጃል። ጥርጣሬው ሦስተኛው ላይ አረፈ። የሁሉም ሜሞሪ ተደምሮ እኮ 70 ኪሎባይት አይሞላም፤ ስልካችሁ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

አሁን እስቲ ራሳችሁን በመሐንዲሶቹ ቦታ አስቀምጡ። ካሊፎርኒያ፣ የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ናችሁ። የታመመው ማሽን 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ራዲዮ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው፣ እንዲያም ሆኖ ለመድረስ ብቻ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። መልሱም ያንኑ ያህል። አንዲት ነገር ሞክሮ ውጤቷን ለማወቅ ሁለት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረው። የምታገላብጧቸው ሰነዶች አሥርት ዓመታት ያለፋቸው ናቸው፣ የጻፏቸው ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ብልሽት ይመጣል ብለው አላሰቡም። መልእክቱ ራሱ የሚነሣው 20 ዋት ገደማ ኃይል ካለው ማሠራጫ ነው። እሱን ለመስማት በካሊፎርኒያ፣ በስፔንና በአውስትራሊያ የተተከሉ ግዙፍ አንቴናዎች አሉ፤ የትልልቆቹ ሳህን ስፋት 70 ሜትር ነው።

ማርች 1 ቀን 2024 አንድ ትእዛዝ ላኩ። ኮምፒውተሩን ጎሸም እንደማድረግ ያለ ነው፦ ተበላሽቶ ሊሆን የሚችለውን ክፍል እየዘለልክ ሌላ ሌላውን ፕሮግራም ሞክር የሚል። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው ሲግናል ከተለመደው ድርድር የተለየ ሆኖ ተገኘ። ግን አሁንም አይነበብም። ከአንቴናዎቹ ጋር በሚሠሩት መሐንዲሶች በኩል ሲፈታ፣ ለካስ ኮምፒውተሩ የሜሞሪውን ይዘት በሙሉ ነው የላከው! ኮዱን፣ ቁጥሮቹን፣ ሁሉንም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ማመሳከር ሆነ። ከብልሽቱ በፊት የመጣ የሜሞሪ ቅጂ በእጃቸው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሲያስተያዩ 3 በመቶ ያህሉ ተበላሽቶ አገኙት። ጥፋተኛው አንድ ቺፕ ነው። ከጠፈር የመጣ ኃይለኛ ቅንጣት መትቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከ46 ዓመት ሥራ በኋላ አርጅቷል።

[ምስል፦ ሜሞሪውን የሚያሳይ ሣጥን፣ ቁራጮቹ ወደ ተለያየ ቦታ ሲዛወሩ]

ቺፑን መቀየር አይታሰብም። ስለዚህ እዚያ ላይ የነበረውን ኮድ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግድ ሆነ። ችግሩ፣ ኮዱን ባንድ ላይ የሚይዝ ክፍት ቦታ ሜሞሪው ውስጥ የለም። ምን አደረጉ? ቆራረጡት። አንዱን ቁራጭ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ እያሉ ክፍተት በተገኘበት ሸጎጡት። ሲወራ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። አንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ቀጣዩ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። በቀረው ሜሞሪ ውስጥ ወደ ድሮው ቦታ የሚጠቁሙ አድራሻዎችም ተፈልገው መታረም አለባቸው። አንዲቷ ከተሳሳተች ፕሮግራሙ መንገድ ይስታል፣ እናንተም ያንን የምታውቁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ኤፕሪል 18 የመጀመሪያውን ቁራጭ ላኩ፤ ስለ መንኮራኩሩ ጤንነት የሚናገረውን ኮድ። ኤፕሪል 20 መልሱ መጣ፣ ተነበበም። ከአምስት ወር ዝምታ በኋላ! ጁን ላይ ደግሞ ያኔ ይሠሩ የነበሩት አራቱም የሳይንስ መሣሪያዎች መረጃ መላክ ጀመሩ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የማደንቀው የ2024ቱን ቡድን ብቻ አይደለም። በ70ዎቹ ኮምፒውተሩን የሠሩት ሰዎች ኮዱ ከመሬት ሆኖ እንዲቀየር አድርገው ባይሠሩት ኖሮ፣ ሁሉም ነገር ኖቬምበር ላይ ባበቃ ነበር።

አሁን የቀረው ጠላት ኤሌክትሪክ ነው። ቮያጀር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ፕሉቶኒየም 238 ከተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሙቀት ነው፣ ኃይሉም በየዓመቱ 4 ዋት ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ መሣሪያ እየመረጡ ማጥፋት የግድ ነው። ፌብሩዋሪ 2025 የጠፈር ጨረር የሚለካውን አጠፉት። ርቀቱም ይጨምራል፤ ኖቬምበር 2026 አንድ ሙሉ የብርሃን ቀን፣ ማለትም ብርሃን በአንድ ቀን የሚጓዘውን ያህል፣ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ትእዛዝ ልኮ መልስ ለመስማት ሁለት ቀን ሙሉ መጠበቅ ነው። እኔ ብጠየቅ መጨረሻ ላይ ይጥፋ የምለው ማግኔቶሜትሩን ነው። ከፀሐይ ወሰን ውጭ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ እዚያው ቦታው ላይ ሆነው የለኩልን ቮያጀር 1 እና በ2018 የተከተለው መንትያው ቮያጀር 2 ብቻ ናቸው፤ ከኋላቸው ደርሶ የሚተካቸው መንኮራኩር ደግሞ በቅርብ የለም።